መብራት ሲመጣ ፒኑ የማን ነው?

ራዝቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ስላሉት ፒኖች፣ ማለትም ሽቦ ስለሚታሰርባቸው የብረት እግሮች፣ የሚጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል በማብራት ይጀምራሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ያበቃሉ። ሬዚስተር ታገናኛላችሁ፣ ጥቂት መስመር ፕሮግራም ትጽፋላችሁ፣ አምፖሏ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ደስ ይላችኋል። አምፖሏን አልጠላትም። ግን ክፉ አስተማሪ ናት፤ ምንም ብታደርጓት አትቀየምም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሳትጠራ ለአፍታ ብትበራ ማንም አይጎዳም። ፕሮግራሙ መሀል ላይ ቢሞትና እርሷ እንደበራች ብታድር ማንም አይቆጣም። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ፒን ማዋቀር ማለት ፕሮግራሙ አናት ላይ «ይህ ማስወጫ ነው» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ መልክ የሚይዘው አምፖሏን አንስታችሁ በቦታዋ የውሃ ፓምፕ ስታስገቡ ነው።

የእኛ ግቢ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ውሃ በፈረቃ፣ መብራት ደግሞ እንደ ፈቃዱ ይመጣል። ብዙ ግቢ እንደሚያደርገው መሬት ላይ አንድ ትልቅ ሮቶ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ አነስ ያለ ሌላ ሮቶ አለን። የቧንቧው ውሃ በራሱ አቅም የሚደርሰው እታችኛው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የላይኛው ሲጎድል፣ የታችኛው ውሃ ካለው፣ ፓምፑ ይነሳ። የታችኛው ባዶ ከሆነ ግን በምንም ምክንያት አይነሳ። ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ስለሌለ ራሱን አቃጥሎ ያርፋል።

ይህን ሥራ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎችና አንድ ኮንታክተር (ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ) ያለ ምንም ኮምፒውተር ይሠሩታል። እንዲህ የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ፈልጌ ነበር፤ ፓምፑ መቼ ተነስቶ መቼ እንደቆመ የሚመዘግብ፣ ከልኩ በላይ ሲቆይ ስልካችን ላይ መልእክት የሚልክ፣ መብራት እንደመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ የሚጠብቅ መሣሪያ። ለዚህ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚነዳት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ራዝቤሪ ፓይ፣ ትመቻለች።

የግቢያችንን መብራት ለዓመታት የሚሠሩልን ኤሌክትሪሺያን ኮንታክተሩን ሊገጥሙ በመጡ ጊዜ ቦርዷን አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ፓምፑን የምታዘው ይህች ናት» አልኳቸው።

ገልብጠው ግራና ቀኟን አዩ። «መብራት ሄዶ ሲመጣስ?»

«ራሷ ትነሳለች። ብዙም አይፈጅባትም።»

«እሺ ልጄ፣ እስክትነሳ ድረስ ፓምፑ የማን ነው?»

ከዚህ የተሻለ የፒን ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጦ መመሪያ ለሚጽፍ ሰው የኮምፒውተር መነሳት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ለእኛ የዘወትር ነው። ስለዚህ ፒን ማዋቀርን የማየው በዚህ በኩል ነው። ፕሮግራሜ ሥራ ላይ ሳለ ፒኑ ምን ይሠራል የሚለው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ፕሮግራሜ ገና ሳይመጣና ከሄደ በኋላ ፒኑን ማን ይዞታል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ግን ፒኑን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ራዝቤሪ ፓይ 26 ፒኖች ነበሩት። በ2014 ቢ ፕላስ የተባለው ሞዴል 40 አደረጋቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም። ከ40ዎቹ ውስጥ 28ቱ ለአጠቃላይ ማስገቢያና ማስወጫ የሚያገለግሉ፣ ጂፒአይኦ የሚባሉት ናቸው። የቀሩት 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልትና ግራውንድ ናቸው። አንድን ፒን በቦርዱ ላይ ቆጥራችሁ 11ኛ ብትሉት ቺፑ ጂፒአይኦ 17 ይለዋል። 12ኛው ጂፒአይኦ 18 ነው፤ 13ኛው ግን 27 ነው። ይባስ ብሎ በመጀመሪያዎቹ ቦርዶች 13ኛው ጂፒአይኦ 21 ነበር፤ በሁለተኛው እትም ነው ወደ 27 የተቀየረው። ለረጅም ጊዜ ታዋቂ የነበረው ዋየሪንግፓይ የተባለው ላይብረሪ (ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ደግሞ የራሱን ሦስተኛ አቆጣጠር አምጥቶ ይህንኑ 11ኛ ፒን «ዜሮ» ብሎታል። አንድ እግር ሦስት ቁጥር ማለት ነው። ቢግልቦን ብላክ ወደተባለው ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ከሄዳችሁ ደግሞ 46፣ 46 ፒን ያላቸው ሁለት ረድፎች ታገኛላችሁ፤ የሁለተኛው ረድፍ 12ኛ ፒን ባንክ 1 በተባለው የቺፑ የፒኖች ምድብ ውስጥ የ28 ቁጥር መስመር ነው፤ ባንኮቹ ከዜሮ የሚቆጠሩና 32፣ 32 መስመር ያላቸው ስለሆኑ 32 እና 28 ተደምረው ለሊኑክስ 60 ይሆናል። ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ሰዎች ምስል ሲለጥፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ አለመግለጻቸው ነው።

እኔ በፕሮግራምም በወረቀትም የቺፑን ቁጥር ብቻ እጠቀማለሁ። ኤሌክትሪሺያኑ የቦርዱን ቁጥር ይመርጣሉ፤ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ። ሁለታችንም የየራሳችን ምክንያት ስላለን ሳጥኑ ክዳን ውስጥ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ሁለቱንም ይዟል።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው። መብራት ሲመጣ የፒኑ የመጀመሪያ ባለቤት ቺፑ ራሱ ነው። የራዝቤሪ ፓይ ቺፕ ውስጥ እያንዳንዱ ፒን ሥራውን የሚወስኑ ሦስት ቢቶች አሉት። ሦስቱም ዜሮ ሲሆኑ ፒኑ ማስገቢያ ነው፤ የመጨረሻው ብቻ አንድ ሲሆን ማስወጫ ነው፤ የቀሩት ስድስት አማራጮች ፒኑን ለሌላ ሥራ፣ ለምሳሌ ለተከታታይ መልእክት መላኪያ ወይም ለድምፅ፣ አሳልፈው ይሰጡታል። ኃይል ሲመጣ ፒኖቹ ማስገቢያ ሆነው ይነሳሉ። ይህ መልካም ዜና ነው። ማስገቢያ የሆነ ፒን ማንንም አይገፋም፤ ያዳምጣል እንጂ።

ሆኖም ፒኑ በዚህ ሰዓት ፈጽሞ ነፃ አይደለም። በቺፑ ውስጥ ወደ 50 ኪሎ ኦም የሚጠጉ ደካማ ሬዚስተሮች አሉ፤ ፒኑን ወደ 3.3 ቮልት ወይም ወደ ግራውንድ በቀስታ ይጎትቱታል። ከዜሮ እስከ 8 ያሉት ጂፒአይኦዎች ሲነሱ ወደ ላይ ይጎተታሉ፤ ከ9 እስከ 27 ያሉት ወደ ታች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አምፖል በሚያበሩት መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም፤ የፓምፕ ሥራ ግን ከእርሱ ይጀምራል። ፓምፑን የሚያዘው ፒን ሲነሳ ወደ ታች የሚጎተት መሆን አለበት፤ ሰርኪዩቱ ደግሞ ዜሮን፣ ማለትም ዝቅ ያለውን ቮልቴጅ፣ «ቁም» ብሎ የሚተረጉም መሆን አለበት። ጂፒአይኦ 17ን የመረጥኩት በዚህ ነው። 22፣ 23፣ 24፣ 25 ወይም 27 ቢሆንም ያው ነበር።

የማይመረጡትን ማወቅም እንዲሁ ይጠቅማል። ጂፒአይኦ 2 እና 3 በቦርዱ ላይ የተበየዱ 1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ወደ 3.3 ቮልት ይጎትቷቸዋል፤ ምንም ብታዋቅሯቸው ይህ ጉተታ አይቀርም። በዚያ ላይ የተዘጋ ራዝቤሪ ፓይ 3ን ከግራውንድ ጋር ስታገናኙት ይነሳል፤ ለማብሪያ ቁልፍ ሲሆን ደስ ይላል፣ ለሌላ ሲሆን ግራ ያጋባል። ዜሮና 1 ደግሞ ከላይ የሚሰኩ ተጨማሪ ቦርዶች ማንነታቸውን የሚናገሩባቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ እነርሱን ይመረምራል። ከሁሉም የሚገርመኝ 14 ነው። የተከታታይ መልእክት ኮንሶል ከተከፈተ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል፣ ሲነሳ የሚያወራውን ሁሉ በዚህ ፒን ያወጣል። እዚያ ላይ ሪሌይ (በትንሽ ፍሰት የሚታዘዝ ማብሪያ) ያሰረ ሰው ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሪሌዩ የከርነሉን መልእክት ሊደንስለት ይሞክራል።

ሁለተኛው ባለቤት ፈርምዌሩ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ የራሱ ፕሮግራም፣ ነው። ሊኑክስ ገና ሳይጫን የማስነሻ ፋይሉን ያነባል፤ እዚያ ፋይል ውስጥ አንድን ፒን «ማስወጫ፣ ዝቅ ያለ» ብሎ በአንድ መስመር መወሰን ይቻላል። ብዙዎች ይህን መስመር የሁሉም ነገር መፍትሔ አድርገው ይመክራሉ። እኔም ጽፌዋለሁ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ኃይል ከመጣበት ቅጽበት እስከዚህ መስመር ድረስ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ወይም ከዩኤስቢ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ይረዝማል። በእነዚያ ሰከንዶች ያለው ደካማው ሬዚስተር ብቻ ነው። በ50 ኪሎ ኦም ላይ ፓምፕ አላሳድርም። ስለዚህ ከቦርዱ ውጭ፣ በፒኑና በግራውንድ መካከል፣ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብቻለሁ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ እንኳን ሥራውን ይሠራል።

ከፒኑ ወዲያ ያለው ሰርኪዩት ደግሞ የራሱ ወሬ አለው። ፒኑ 3.3 ቮልት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ 5 ቮልት ሲገባበት የሚከላከለው የለም። የሚያስፈራው 5 ቮልት የሚሰጡት ሁለቱ ፒኖች፣ 2ኛውና 4ኛው፣ እዚያው አጠገቡ መደርደራቸው ነው። ከአንድ ፒን ማውጣት የሚቻለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ቢበዛ 16 ሚሊ አምፔር ነው፤ ተራ የ5 ቮልት ሪሌይ ጥቅል (ማብሪያውን በማግኔት የሚስበው የሽቦ ጥቅል) ግን 70 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይጠጣል። ስለዚህ በመካከል ትራንዚስተር የግድ ነው፤ በጥቅሉ ላይም ሲጠፋ የሚወረወረውን ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድ። ይህን ሁሉ ሰብስበው የያዙት በየሱቁ የሚሸጡት ሰማያዊ ሪሌይ ያላቸው ሞጁሎች ናቸው። እነርሱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ከእነዚህ ሞጁሎች ብዙዎቹ በተገላቢጦሽ ይሠራሉ፤ ዜሮ ሲሰጣቸው ይነሳሉ፣ አንድ ሲሰጣቸው ይጠፋሉ። የተሠሩት ለ5 ቮልት ቦርዶች ነው። በውስጣቸው ያለው፣ ምልክትን በብርሃን የሚያሻግረው የብርሃን ማገናኛ አንድ ጫፉ በ5 ቮልት ላይ ነው፤ የእናንተ ፒን «አንድ» ብሎ 3.3 ሲሰጠው በመካከል 1.7 ቮልት ይቀራል። አንዱ ሞጁል በዚህ በደንብ ይጠፋል፣ ሌላው አይጠፋም አይበራም። ፒኑ ማስገቢያ በሆነበት በዚያ የመነሻ ጊዜ ደግሞ ከ5 ቮልቱ ወገን ወደ ፒኑ የሚገፋ ነገር አለ። መፍትሔው ሞጁሉ ላይ ያለ አንድ ጃምፐር ነው። ጃምፐሩን ነቅላችሁ ለሪሌዩ ጥቅል 5 ቮልት፣ ለብርሃን ማገናኛው ግን 3.3 ቮልት ለየብቻ ትሰጣላችሁ፤ ያኔ ሁለቱም ወገን በሚያውቀው ቮልት ይነጋገራል። የዚህ ጃምፐር ጥቅም በብዙ ሱቅ አይነገርም፤ ሞጁሉ ላይ ተሰክቶ ይሸጣል፣ ተሰክቶ ይኖራል።

እኔ በተገላቢጦሽ የሚሠራውን ለፓምፕ አልፈልገውም፤ ጃምፐሩ ቢስተካከልም እንኳ። ምክንያቴ ሌላ ነው። አንድን ፒን ማስወጫ ስታደርጉት በዚያች ቅጽበት የሚያወጣው ምንድን ነው? ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። በተገላቢጦሽ ሞጁል ላይ ዜሮ «ተነስ» ነው። ፕሮግራማችሁ መጀመሪያ «ማስወጫ ሁን» ብሎ ቀጥሎ «አንድ ሁን» ቢል በሁለቱ መካከል ፓምፑ ታዟል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ልዩነቱ ማይክሮ ሰከንዶች ስለሆነ፣ ሪሌይ ደግሞ ለመንቀሳቀስ ሚሊ ሰከንዶች ስለሚፈልግ፣ ላታዩት ትችላላችሁ። ሁለቱ ትእዛዞች በሼል ስክሪፕት (በተራ በሚፈጸሙ ትእዛዞች ዝርዝር) ለየብቻ ሲጻፉ፣ ኮምፒውተሩም ገና እየተነሳ ሲጨናነቅ፣ ክፍተቱ ሰፍቶ ሪሌዩ ጠቅ ሲል ይሰማል።

የከርነሉ ሰዎች ይህን ያውቁታል። በአሮጌው መንገድ፣ ፒኖች እንደ ፋይል በሚታዩበት ሲስኤፍኤስ በሚባለው፣ የአቅጣጫው ፋይል ውስጥ «ግባ» ወይም «ውጣ» ብቻ ሳይሆን «ዝቅ» ወይም «ከፍ» የሚሉ ቃላትንም መጻፍ ይቻላል። «ከፍ» ብላችሁ ስትጽፉ ፒኑ ማስወጫ የሚሆነውም ከፍ የሚለውም አብሮ ነው፤ በመካከል ክፍተት የለም። በአዲሱ መንገድም መስመሩን ስትጠይቁ የመነሻ ዋጋውን አብራችሁ ትሰጣላችሁ። መሣሪያው ነበረ፤ አምፖሏ ናት እንዳንፈልገው ያደረገችን።

አሮጌውና አዲሱ መንገድ ካልኩ አይቀር፣ ሦስተኛው ባለቤት ከርነሉ ነው። ሲስኤፍኤስ ለዓመታት የሁላችንም መግቢያ ነበር፤ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ ፋይል ይፈጠራል፣ በፋይሉ ትነጋገራላችሁ። ቀላልነቱ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጉድለቱ ግን ከባድ ነው። ፕሮግራሙ ቢሞት ፒኑን መልሶ የሚወስድ የለም፤ ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ያንኑ ፒን ቢነካ የሚከለክለው የለም፤ ቁጥሮቹም ከርነሉ እንደፈለገ የሚያድላቸው ናቸው። የመጨረሻው በቅርቡ በተግባር ታይቷል። የራዝቤሪ ፓይ ከርነል ወደ 6.6 ሲሸጋገር የሲስኤፍኤስ ቁጥሮች ከ512 መጀመር ያዙ፤ ለዓመታት 17 የተባለው መስመር በአንድ ማሻሻያ 529 ሆነ። ቦርዱ ያው፣ ሽቦው ያው፣ ፕሮግራሙ ያው፤ ፒኑ ግን «የለም» ተባለ።

ከ2016 ጀምሮ፣ ከከርነል 4.8 ወዲህ፣ የሚመከረው መንገድ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የጂፒአይኦ ቺፕ እንደ አንድ መሣሪያ ይከፈታል፤ ከእርሱም መስመር፣ ማለትም ፒን፣ ትጠይቃላችሁ። ሊብጂፒአይኦዲ የተባለው ላይብረሪና ከእርሱ ጋር የሚመጡ ትእዛዞች በዚህ ላይ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ትእዛዝ የመስመሮቹን ዝርዝር ያወጣል፤ የትኛው ማስገቢያ፣ የትኛው ማስወጫ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ማን እንደያዘው በስም ይነግራል። «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ራሱ መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይህ ነው። የተያዘ መስመር ሌላ ሰው ሲጠይቀው «ሥራ ላይ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ለኤሌክትሪሺያኑ ይህን ዝርዝር በስክሪን ባሳየኋቸው ጊዜ ከቦርዷ ሁሉ የወደዱት እርሱን ነው፤ «ባለቤቱ ተጽፏል» አሉ።

አዲሱ መንገድ የሚያናድደው አንድ ነገር አለ፤ ግን በእኔ አስተያየት የሚያናድደው ትክክል ስለሆነ ነው። በሼል አንድን መስመር «አንድ» አድርጋችሁ ትእዛዙ ሲያበቃ መስመሩ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው እንዳለ ለመቆየቱ ከርነሉ ዋስትና አይሰጥም። ከሲስኤፍኤስ የመጡ ሰዎች ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ አንድ ፓምፕ «ተነስ» ብሎ ያዘዘው ከሄደ በኋላ ለምን ይሥራ? መስመሩን የያዘ ሕያው ፕሮግራም ይኑር፤ ፕሮግራሙ ሲሄድ ፒኑም ይመለስ፤ ያ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርም ይረከበው።

ስለ ዲቫይስ ትሪ ብዙ አልልም፤ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። አጭሩ ታሪክ ይህ ነው። አርም ቺፕ ያላቸው ቦርዶች እንደ አሸን ሲፈሉ የእያንዳንዱ ቦርድ ዝርዝር በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ነበር፤ በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ ዝርክርክነት ተማረረ። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ቀድሞ በፓወርፒሲ ማሽኖች ይሠራበት የነበረው ዲቫይስ ትሪ ነው፤ ቦርዱ ላይ ምን እንዳለና ፒኖቹ ለምን እንደተመደቡ ከኮድ ውጭ በተለየ ፋይል የሚገለጽበት ዘዴ። ቢግልቦን ላይ እያንዳንዱ ፒን እስከ 8 የሚደርሱ ሥራዎች ስላሉት ያለዚህ ፋይል ብዙ ርቀት አትሄዱም፤ ለምሳሌ ከመጀመሪያው ረድፍ ፒኖች የተወሰኑት ቦርዱ ላይ ላለው ማከማቻ አስቀድመው ተሰጥተዋል። ራዝቤሪ ፓይ ላይ ደግሞ ተደራቢ በሚባሉ ትንንሽ ፋይሎች ፒንን ለማጥፊያ ቁልፍ፣ ለማቀዝቀዣ ማራገቢያ ወይም ለምልክት አምፖል መስጠት ይቻላል፤ ያኔ የፒኑ ባለቤት ከርነሉ ይሆናል፤ ምንም ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም።

ማስገቢያዎቹን ወደ ኋላ ያስቀመጥኳቸው ቀላል ስለሚመስሉ ነው። ተንሳፋፊው ማብሪያ ሁለት ሽቦ ነው፤ ውሃው ሲነሳ ይገናኛሉ፣ ሲወርድ ይለያያሉ፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ በተቃራኒው። አንዱን ሽቦ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን ፒኑ ላይ አስራችሁ የውስጡን ወደ ላይ ጎታች ስታበሩ ጨርሳችኋል ይባላል። ጠረጴዛ ላይ እውነት ነው። ከጣሪያ እስከ ሳጥኑ የሚወርድ ረጅም ሽቦ ግን አንቴና ነው፤ ከጎኑ 220 ቮልት የተሸከመ ገመድ ሲሄድ ደግሞ ባሰበት። 50 ኪሎ ኦም እንዲህ ያለውን ሽቦ አጥብቆ አይዝም። ከውጭ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት ጎትቼዋለሁ፤ ከፒኑ በፊትም ሌላ ሬዚስተርና ትንሽ ካፓሲተር አሉ። ከዚያ በኋላም ውሃው ይናወጣል። ቧንቧው ሲያፈስበት ተንሳፋፊው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ማብሪያውም ይንቀጠቀጣል። ላይብረሪው በሚሊ ሰከንድ የሚለካ የማረጋጊያ ጊዜ ይሰጣል፤ ለቁልፍ የታሰበ ነው። ለሮቶ ግን የሚያስፈልገው በሰከንዶች የሚቆጠር ትዕግሥት ስለሆነ ያንን ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፍኩት።

የማስገቢያ ዋናው ውሳኔ ግን ሽቦው ሲበጠስ ምን ይታያል የሚለው ነው። አይጥ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ጣሪያ የሚጠግን ሰው አለ፤ ሽቦ ይበጠሳል። ፒኑ ወደ ላይ ስለሚጎተት የተበጠሰ ሽቦ «አንድ» ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ለሁለቱም ተንሳፋፊዎች ፓምፑን የሚፈቅደው ሁኔታ «ዜሮ»፣ ማለትም የተገናኘ ማብሪያ፣ እንዲሆን አድርገናል። የታችኛው ውሃ ሲኖረው ይገናኛል፤ የላይኛው ሲጎድል ይገናኛል። ከሁለቱ አንዱ ቢበጠስ ፓምፑ ፈቃድ ያጣል። ውሃ ማጣት ያስቆጣል፣ ያስተዛዝባልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጣሪያ ሲፈስ ማደርና ፓምፕ ማቃጠል ግን ከዚያ ይብሳል።

ፕሮግራሙ ሳይሞት ቢደነዝዝስ? መስመሩን እንደያዘ፣ ፒኑን «አንድ» እንዳደረገ ቢቀር? ለዚህ ቺፑ ውስጥ ጠባቂ ሰዓት አለ፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ «አለሁ» የሚለው ካላገኘ ኮምፒውተሩን ከሥሩ ያስነሳዋል፤ ሲነሳ ደግሞ ፒኑ ማስገቢያ ሆኖ ስለሚነሳ ፓምፑ ይቆማል። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ይህን ሁሉ ሰምተው አልረኩም። የታችኛውን ሮቶ የሚያይ ሌላ ተንሳፋፊ አምጥተው ከቦርዷ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው በቀጥታ በኮንታክተሩ ጥቅል መስመር ላይ አስገቡት። ቦርዷ የፈለገችውን ብታዝ የታችኛው ባዶ ከሆነ ኮንታክተሩ አይነሳም። አልተከራከርኳቸውም። ሦስት ቢት፣ አንድ የማስነሻ ፋይል፣ አንድ ከርነልና አንድ ፕሮግራም ካመኑ በኋላ አንድ ሜካኒካዊ ማብሪያ መጨመር ስድብ አይደለም። የቦርዱ ሪሌይም ፓምፑን በቀጥታ አይነካም፤ 10 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ሪሌይ የሞተር መነሻ ፍሰትን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ የሚያዘው የኮንታክተሩን ጥቅል ብቻ ነው።

የቀረኝ ወደ ራዝቤሪ ፓይ 5 ማሸጋገሩ ነው። በ2023 የወጣው ይህ ቦርድ ፒኖቹን ከዋናው ቺፕ አውጥቶ አርፒ1 ለተባለ ሌላ ቺፕ ሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለ ፈጣን መስመር ነው። ወደ ቺፑ መዝገቦች (ፒኖቹን ወደሚያዙት የቺፑ የውስጥ ማህደረ ትውስታዎች) በቀጥታ እየገቡ ይሠሩ የነበሩ አሮጌ ላይብረሪዎች እዚያ ላይ አይሠሩም። የቺፑ ተራ ቁጥርም መጀመሪያ 4 ነበር፣ በኋላ ከርነሎች ላይ ዜሮ ሆኗል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቺፑን በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በመለያ ስሙ እንዲፈልግ እያስተካከልኩት ነው። ሽቦው፣ ሬዚስተሩና የኤሌክትሪሺያኑ ተንሳፋፊ ግን እንዳሉ ይቆያሉ፤ 11ኛው ፒን አዲሱም ቦርድ ላይ ጂፒአይኦ 17 ነው።